የዕለቱ ሰሌዳ

ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ነገር አይታወቅም። አንዱ በዓይን ይያዛል፣ አንዱ በድምፅ፣ ሌላው ደግሞ በሰው ሠርግ ላይ አጠገቡ በተቀመጠች ልጅ። እነዚህን ሁለቱን ያገናኛቸው ግን የአንድ ንጉሥ መውደቅ ነው። ንጉሡም ንጉሥ ተባለ እንጂ በስልክ መስታወት ላይ የቆመ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ምስኪን ነበር።

ልጅቷ የምትሠራው በአክስቷ መነጽር ቤት ነው። አክስቷ ፊት ለፊት ደንበኛ ታስተናግዳለች፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ መስታወት ትሞርዳለች፣ ታለሰልሳለች፣ በፍሬሙ ልክ ትቆርጣለች። ቤተሰቡ ሁሉ ሚጡ ይላታል። ራሷን የቻለች ሴት ሆናም ሚጡነቱ አልለቀቃትም።

አንድ ቀን ከምሳ በፊት ማሽኑን አጥፍታ መስታወት በጨርቅ ስትወለውል፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ትንሽ ድምፅ ሰማች። የእንጨት ፍሬ ጠረጴዛ ላይ ስትወድቅ የምታሰማው ዓይነት ድምፅ ናት። ሌላ ሰው ቢሰማት ምንም አትመስለውም። ሚጡ ግን በደንብ ታውቃታለች፤ ሰው እንዳይሰማባት ስልኳን ደረቷ ላይ ለጥፋ የምታፍናት ድምፅ ናት።

«ስንተኛው ክፍል ላይ ነው?» አለች፣ ሳታስበው።

«አራተኛው!» አለ የወንድ ድምፅ፣ ማን እንደጠየቀው እንኳ ሳያጣራ። «ያ የተረገመ ፈረስ!»

መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ብታይ፣ ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ ወጣት አንገቱን አስግጎ ወደ እሷ ያያል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሷ አቀረቀረች፤ እሱ ሳቀ። አክስቷ በመነጽሯ አናት ላይ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየችና፣ «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች።

«የለም እትዬ» አለ ወጣቱ። «ግን እንደምገምተው ብዙ ጊዜ አብረን ሞተናል።»

የሕንፃው የሊፍት ቴክኒሻን ነው። የመጣውም የሥራ መነጽሩ ብሎን ወልቆበት ነበር። ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር ደረጃውን ሲወጣ እንጂ ሲወርድ ስለማይታይ የሕንፃው ሰው «ሽቅብ» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ እሱም ወዶ ተቀብሎታል።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ቼዝ ነው፤ ግን ቼዝ ብቻ አይደለም። አንድ ንጉሥና ጥቂት ወታደሮች ይዘህ፣ ትንሽ ሰሌዳ ወደተዘረጋበት ክፍል ትገባለህ። ጠላትን ካጸዳህ በሩ ይከፈትልሃል፤ ከሁለት ስጦታ አንዱን መርጠህ ወደሚቀጥለው ታልፋለህ። ስጦታው ሁለቴ የሚዘል ፈረስ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ወደ ኋላ መራመድ የተፈቀደለት ወታደር። ንጉሡ ከወደቀ ግን ሁሉም አለቀ። የሰበሰብከውን ሁሉ ጥለህ ከመጀመሪያው ክፍል ትጀምራለህ፤ ክፍሎቹም ተበውዘው ስለሚጠብቁህ የትናንቱን መንገድ በቃልህ አጥንተህ አትገባም። ይዘህ የምትመለሰው ያወቅከውን ብቻ ነው። በየቀኑ ደግሞ ለተጫዋች ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ የዕለቱ ሰሌዳ ይወጣል። እሱን መሞከር የሚቻለው አንዴ ነው፤ የጨረሰ ሰው ስልኩ ላይ ትንሽ ዘውድ ይወጣለታል።

ሽቅብ ምሳውን የሚበላው በሕንፃው አናት፣ ከሞተር ክፍሉ በር አጠገብ ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ወንበሯ ሁለት ሰው መያዝ ጀመረች። ገና ሳይቀመጡ የዕለቱን አሟሟቱን ይነግራታል።

«የዛሬውን ሞት ለጠላቴም አይስጠው። በገዛ ወታደሬ መንገድ ተዘግቶብኝ! ንጉሡ ሊሸሽ ፈልጎ ‹ወንድሜ፣ እስቲ ዞር በልልኝ› ቢለው፣ ወታደሩ ‹የት ልሂድልህ? አንተ አይደለህ እዚህ ያቆምከኝ?› አይለው መሰለሽ!»

ሚጡ እስክታነባ ትስቃለች። ከዚያ መልሳ ትገረማለች። «ተሸንፈህ እንዴት እንዲህ ደስ ይልሃል?»

«ሥራዬን አስቢው እስቲ» አለ አንድ ቀን፣ ከመቼውም ረጋ ብሎ። «እኔ አንድ ብሎን ሳላጠብቅ ብረሳ ሰው ይሞታል። ቀኑን ሙሉ መሳሳት አይፈቀድልኝም። እዚህ ግን እሳሳታለሁ፣ እወድቃለሁ፣ የመጀመሪያው በር ደግሞ እንደገና ይከፈትልኛል። ማን ነው ለሰው እንዲህ የሚያደርግለት? አንቺስ? አንቺ ምኑን ወደድሽው?»

«እኔ እንጃ» አለች። ታውቀው ነበር፤ አፍራ ነው።

አባቷ የቼዝ አሰልጣኝ ናቸው። ከክበቡ ልጆች እስከ ጎረቤት «አሰልጣኙ» የማይላቸው የለም። ሚጡ በልጅነቷ ለዋንጫ ደርሳ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ፣ ያሸነፈችውን ጨዋታ በአንድ ችኮላ አበላሸችው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችውን የምትለቅምበት ጊዜ እንኳ አላገኘችም። ቤት ሲደርሱ አባቷ ሰሌዳውን ዘርግተው የተሳሳተችበትን ቦታ እየደረደሩ አሳዩዋት፤ እራት እስኪቀርብ፣ ከእራትም በኋላ። ክፉ አባት ሆነው አይደለም። የሚያውቁት ፍቅር ማስተማር ብቻ ስለሆነ ነው። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ቼዝ ነክታ አታውቅም።

የስልኩን ጨዋታ የወደደችው ለዚህ ነው። የወደቀ ንጉሥ ደብዛው ይጠፋል። ክፍሎቹ ተበውዘው ስለሚመጡ ማንም ቁጭ ብሎ «እዚህ ጋ ነው የተበላሸው» እያለ ሊደረድርላት አይችልም። በድብቅ ትወድቃለች፣ በድብቅ ትነሣለች። ሽቅብ እስኪመጣ ድረስ በዚህ ጨዋታ አንድም ቀን አፍራ አታውቅም ነበር።

በመጀመሪያው ምሳ «የዛሬው ሰሌዳ እንዴት ነበር?» ሲላት፣ ገና ሁለተኛው ክፍል ላይ ወድቃ ሳለ «ጨርሼዋለሁ» አለችው። ለምን እንዳለች ዛሬም አታውቀውም። የእሱ ዓይን እንደዚያ ሲበራ ማየት ግን ደስ አላት፤ አስፈራትም።

«ጨረስሽው? የነገውን ዘውድ ታሳዪኛለሽ!»

አንድ ጊዜ በጨዋታ መሃል ባትሪዋ አልቆ ነበር። ስልኳን ስታበራ ጨዋታው ከክፍሉ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃት ያን ቀን ደርሳበታለች። ስለዚህ በማግስቱ ንጉሡ ሊወድቅ ሲል ጨዋታውን በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ ዘጋችው። ስትከፍተው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ በሩ ላይ ናት። እንዲህ እየዘጋች እየከፈተች ጨረሰችው። ዘውዷን አሳየችው። በሦስተኛውም ቀን አሳየችው። ከዚያ በኋላማ አውራ ጣቷ ሥራውን ለመደና ሳትነግረው ይሠራ ጀመር።

ሽቅብ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያስቆማል። «እዚያ መነጽር ቤት ያለችውን ልጅ አያችኋት? አትወድቅም እኮ!» ይላል። ማታ ቤቱ ሆኖ የነገረችውን የአጨዋወት መንገድ በመደበኛው ጨዋታ ላይ ይሞክራል፤ ይወድቃል። ጠዋት መጥቶ ይጠይቃታል፤ ሌላ ነገር ፈጥራ ትነግረዋለች፤ ያንንም ሞክሮ ይወድቃል። «የእኔ ጭንቅላት ከብረት ጋር ሲውል ዶልዱሟል» ብሎ ይስቃል። ሳቁ ግን ቀስ በቀስ ጉልበት እያጣ ሄደ። አንድ ቀን ሊናገር የፈለገው ነገር እንዳለ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፣ እጇን አየ፣ ከዚያ ምግቡን ከደነና «ሥራ አለብኝ» ብሎ ተነሣ። ሚጡ እንደምትወደው ካወቀች ሰንብታለች፤ እሱ የሚወዳት ግን ያቺን የማትወድቀዋን እንደሆነም ታውቃለች። እውነቱን ከነገረችው ታጣዋለች። ካልነገረችውም የምታገኘው ሌላ ሴት ሆና ነው።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ አሰልጣኙ የንባብ መነጽራቸውን ሊያሠሩ መጡ። ሽቅብም፣ ያቺ ብሎን ላላች ብሎ፣ እዚያው ነበር። አባቷ መሆናቸውን ሲያውቅ አላስችል አለው።

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት? አይገርምም ለካ! የዕለቱን ሰሌዳ እኮ ሳትወድቅ ነው የምትጨርሰው!»

አሰልጣኙ መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ? ቼዝ?»

ጉድ ፈላ! ሚጡ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። የአባቷ ፊት ላይ የወጣው ብርሃን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ያላየችው ነው። «እስቲ አሳዪኝ የኔ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ ለእሳቸው እንዲህ ብሎ መለመን ቀላል አልነበረም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። አክስቷ በሩ ላይ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ ገለበጠች።

ስልኳን ባንኮኒው ላይ አድርጋ የዕለቱን ሰሌዳ ጀመረች። የመጀመሪያውን ክፍል አለፈች። ሁለተኛውንም። አባቷ ትንፋሻቸውን ይዘዋል፤ ሽቅብ ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሏል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ፈረሷን ቸኩላ አነሣች፣ አስቀመጠችው፣ እዚያው ላይ ስህተቷን አየች። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይላሉ፤ እሷን የከዳት ግን አውራ ጣቷ ነው። ጠረግ አደረገና ዘጋው።

ስክሪኑ ጠቆረ።

«ምን ሆነ? የት ሄደ?» አሉ አባቷ።

ሽቅብ ስልኩን አላየም፣ ፊቷንም አላየም። የሚያየው አውራ ጣቷን ነበር። ያ ጣት ምን ያህል ለምዶት እንደሠራው የእጅ ሙያ ያለው ሰው አያጣውም። ሚጡ ጆሮዋ ሲግል ይሰማታል።

«ኔትወርክ ነው አባባ» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ሕንፃ ውስጥ ያስቸግራል።»

«አይ ዘመን!» አሉ አሰልጣኙ እየሳቁ። ልጃቸውን ትከሻዋ ላይ መታ አደረጉ። «ሌላ ቀን ታሳዪኛለሽ። ወይ የኔ ልጅ!»

ደስ ብሏቸው ወጡ። ሽቅብ መነጽሩን ከባንኮኒው ላይ አነሣ፣ «ደህና ዋሉ እትዬ» አለ፣ እሷን ሳያያት ሄደ። በገዛ እጁ በጠገነው ሊፍት እንኳ አልገባም፤ የእግሩ ኮቴ በደረጃው ሲርቅ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ ምሳውን እዚያች ወንበር ላይ መብላት ተወ። ሚጡ መስታወት ስትሞርድ እጇ ይፈዛል። ማጭበርበሯ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊቷን ታጥባ ትረሳው ይሆናል። ያቃጠላት ሌላ ነው፤ ያ በሽንፈቱ የማያፍር፣ ውሸት የማያውቅ ሰው ለእሷ ብሎ ዋሸ። በዚያ ላይ አባቷ የክበባቸውን ሰዎች ሁሉ ሰብስበው ስለ እሷ እንዳወሩ ሰማች። እፍረት እንደ ጠባብ ጫማ ነው፤ ቆመህም ተቀምጠህም አይተውህም።

«ያ ብሎኑ የማይጠብቅለት ልጅ የት ገባ?» አለች አክስቷ አንድ ጠዋት፣ ደንበኛ እንደሌለ አይታ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል? የበደለ ካለ ይቅርታ ይጠይቅ፤ የተበደለ ካለ ይናገር። እኔ ግን መስታወት የምትሰብርብኝ ሠራተኛ አልፈልግም። ሁለት ፈጅተሻል!»

ሚጡ የሥራ ልብሷን አውልቃ ወጣች። ሊፍቱ ጋ ስትደርስ የጥገና ምልክት ተለጥፎበታል። ደረጃውን ያዘች። ካቆመች እንደምትመለስ ስለምታውቅ ትንፋሽ ለመውሰድ እንኳ አልቆመችም።

የሞተር ክፍሉ በር ክፍት ነበር። ክፍሉ ቅባት ቅባት ይሸታል። ትልቁ መዘውር ቆሟል፤ ሽቅብ ግድግዳው ላይ ካለች ግራጫ ሳጥን ፊት ቆሞ ቁልፍ ተጭኗል። ሲያያት ደነገጠ።

«ሚጡ! አንዴ ቆይኝ…»

«እባክህ አታቋርጠኝ። ካቋረጥከኝ አልጨርሰውም።»

«እሺ፣ ግን ይሄ…» ወደ ሳጥኑ ጠቆማት። ሥራ እንዳለበት ሊያሳያት መሰላት።

«ሥራህን ትሠራለህ፣ ስጨርስ ትሠራለህ። እኔ የዕለቱን ሰሌዳ ጨርሼ አላውቅም። አንድም ቀን! ሊወድቅብኝ ሲል እዘጋዋለሁ። አይተኸኛል፣ አውቃለሁ። አንተ ወድቀህ እየሳቅክ ትነግረኛለህ፤ እኔ ወድቄ ዘውድ ይዤ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ አጠገብህ እቀመጣለሁ። የነገርኩህ መንገድ ሁሉ የፈጠርኩት ነው።»

«ሚጡ፣ ስሚኝ…»

«አልሰማም! አባቴ በእኔ እንደዚያ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። ለዚያ ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ደግሞ ለእኔ ብለህ ዋሸህላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብዬ መሄድ አቅቶኛል። ሲያዩኝ መሸነፍ እፈራለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን አንተ ፊት ነው፤ ስለምወድህ። በቃ። እወድሃለሁ። ንቀኸኝ ከሆነም ልክ ነህ።»

ሽቅብ በድንጋጤ ጣቱን ማንሣት ረስቷል፤ እጁ አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። ያኔ ግራጫዋ ሳጥን ተንጣጣችና ተናገረች።

«ሚጡዬ» አለች ሳጥኗ፣ በአክስቷ ድምፅ። «ጨረስሽ? እኛ እዚህ በፎቅና በፎቅ መሃል ቆመናል።»

የሊፍቱን የአደጋ ጊዜ ስልክ እየሞከረ ነበር ለካ! ሊፍቱን መሃል ላይ አቁሞ፣ ውስጥ ያሉት ይሰሙት እንደሆነ፣ እሱም ይሰማቸው እንደሆነ እያጣራ ነው። የሕንፃውን ዘበኛ ብቻ ነበር ያስገባው። አክስቷ ግን የጥገና ምልክት የሚያግዳት ሰው አይደለችም፤ ሚጡ ደረጃውን ስትይዝ አይታ ልትከተላት ሊፍቱ ውስጥ ዘው ብላለች።

ሚጡ ግድግዳውን ያዘች። «ማን… ማን አለ እዚያ?»

«እኔ አለሁ» አለች አክስቷ። «ዘበኛው አለ። አባትሽም አሉ፣ መነጽራቸውን ሊወስዱ መጥተው ይዣቸው ገባሁ።»

ከዚህ የከፋ እፍረት ካለ ሚጡ አታውቀውም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከሳጥኗ ውስጥ የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ቀጥሎ ጉሮሮ ተጠረገ፤ የአሰልጣኙ ጉሮሮ ነው፣ ከሺህ ሰው መሃል ትለየዋለች።

«ሚጡ» አሉ። «ያን ጨዋታ እኔም ስልኬ ላይ አስጭኜዋለሁ።»

ሚጡ እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች።

«የመጀመሪያውን ክፍል አላለፍኩም። አንድም ቀን። የክበቡ ልጆች እንዳያዩኝ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው የምጫወተው። አንቺን እንዴት እንደሚታለፍ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ። አሰልጣኝ ተብዬ…» ድምፃቸው ተቆረጠ። «ሁለተኛውን ታልፊያለሽ አይደል? እሱን አይቻለሁ። ያንን አሳዪኝ።»

ሚጡ አለቀሰች። ለቅሶው ውስጥ ሳቅ ገብቶበት ምን እንደሆነ ለራሷም አልለይ አላት። «እሺ አባዬ» አለች ወደ ሳጥኗ።

«በሉ የአባትና የልጅ አለቀ» አለች አክስቷ። «እሱስ? ልጁ ምን አለ? መልሱን ሳንሰማ ይሄን ሳጥን እንዳታንቀሳቅሰው!»

«እኔ የምጠብቀው በር ላይ ግን ማንም የለም» አለ ዘበኛው፣ ቀስ ብሎ።

ሽቅብ ላብ አጥምቆታል። «ይቅርታ እትዬ፣ አንድ አፍታ» ብሎ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣ። ክፍሉ ጭር አለ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ተቀይሜሻለሁ» አላት። ድምፁ አልጠነከረም፤ ተጎድቶ ነበር። «ስለ ጨዋታው አይደለም። ያን ሁሉ ጊዜ ‹ይቺ ልጅ ከእኔ በላይ ናት፣ በምን አቅሜ እጠይቃታለሁ› እያልኩ አፌን ዘጋሁ። የነገርሽኝን እየሞከርኩ፣ አልሆን ሲለኝ ራሴን ስሰድብ አድሬ አውቃለሁ። አንድ ቀን ‹እኔም ወደቅኩ› ብትይኝ ኖሮ የዚያኑ ዕለት እነግርሽ ነበር።»

«ምኑን?»

ጆሮው ድረስ ቀላ። በየቀኑ ሞቱን እየሳቀ የሚያወራው ሰው አሁን የሚያየው የጫማውን ጫፍ ነው። እፍረቱ የእሱም ሲሆን አየች፤ አየችውና ይበልጥ ወደደችው።

«ለአንቺ ብቻ ብነግርሽ ይቀላል» አለ። «አንቺ ግን ሰው ሁሉ እየሰማሽ ነው የተናገርሽው።»

ዞረና ቁልፉን ተጫነ።

«እትዬ፣ እኔም እወዳታለሁ። አባባ፣ እርስዎም ይስሙኝ። ስለ ኔትወርኩ የነገርኩዎት ውሸት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እወዳታለሁ ያልኩት ግን እውነት ነው።»

ከታች ጫጫታ ሆነ። አክስቷ እልል ልትል ሞክራ ሳሏ ያዛት፤ ዘበኛው «ይሄን የማያውቅ ማን አለና ነው?» ይላል፤ አሰልጣኙ «እንግዲህ አውጡን!» ይላሉ። ሽቅብ ማብሪያውን መለሰ። ትልቁ መዘውር ተንቀሳቀሰ፤ ገመዶቹ ተወጠሩ፤ ሊፍቱ ሦስቱን ይዞ ወደ ላይ መምጣት ጀመረ።

የደረጃው በር ከሚጡ ጀርባ ክፍት ነው። ወርዳ መደበቅ ትችል ነበር፤ ጊዜም ነበራት። ያበጠ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፣ በቅባት ከጨቀየው ሰማያዊ ልብስ አጠገብ ቆመች፣ ሊፍቱ እስኪደርስ ጠበቀች።